ተመዝግቧል፤ እናመሰግናለን

መስከረም 22

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለህበት ሁሉ ቀናው ይግጠምህ፤ የምትሠራበት እጅህ አይዛል፤ አለቃህም በጥሩ ዓይን ይይህ። እኛ ደህና ነን። ጫማ ሰፊው ባለቤቴም ወገቤን ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነም። ወገቤን ማለቱን ደግሞ እንደ በሽታ አትቁጠረው፤ ከተጋባን ማግስት ጀምሮ ወገቤን እያለ ነው።

በስልክ መጠየቅ ስችል ወረቀት ማንሳቴ አይግረምህ። ስልኩ ያለው የወርክሾፑ መሀል፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ነው። እኔ «ሃሎ» ስል ሠራተኛው ሁሉ መዶሻውን አስቀምጦ ጆሮውን ይቀስራል። የሆዴን የማወራህ በደብዳቤ ብቻ ነው። ፖስተኛችንም ደግ ሴት ናት። አንድ እግሯ ያጠረ ሆኖ ሳለ ፖስታውን ታች ሳጥን ውስጥ ጥላው አትሄድም፤ ደረጃውን ወጥታ እጄ ላይ ታኖረዋለች። እግራቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ጫማ እየሠራን ፎቅ ላይ መቀመጣችን ያስቅሃል። ምን ይደረግ፣ የምድር ቤቱ ኪራይ አይቀመስም። እኔን ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ሰው ሁሉ በሩ ጋ ሳይደርስ በኮቴው አውቀዋለሁ። አንዱ እግር ቀለል፣ አንዱ እግር ከበድ ብሎ ዱብ ሲል ፖስተኛዋ ናት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ወር የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈንድቶ የደንበኞቻችን ልክ የተጻፈባቸው ካርዶች ውሃ ጠጡ። ቀለሙ ሁሉ ተደባልቆ የማን ቀኝ የማን ግራ እንደሆነ አይለይም። የእኛ ሥራ ደግሞ እንደ ሱቅ ጫማ «አርባ አንድ ቁጥር ስጠኝ» የሚባልበት አይደለም። አንዱ ጣት የለውም፣ የአንዷ እግር አብጧል፣ የአንዱ ወደ ውስጥ ዞሯል። ሚሊሜትር ብትስት ሰውዬው ይቆስላል።

እናም ከተዘጋ የትኬት ቢሮ አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዛሁ። አንተ ፕሮግራም ሥራልኝ። ስም፣ የቀኝ ርዝመት፣ የግራ ርዝመት፣ ዙሪያው፣ ከሶሉ ሥር የሚጨመረው ከፍታ፣ ከታች ደግሞ አስተያየት የምጽፍበት ሰፋ ያለ ቦታ። ለሠራተኞቹም ለደንበኞቹም አፌን ሞልቼ «የእህቴ ልጅ ነው የሚሠራልን» ብያለሁ። እንዳታሳፍረኝ።

የምትወድህ አክስትህ


ጥቅምት 19

ለተከበሩ አክስቴ፣

ለጤናዎ እንዴት ነዎት? የጋሼ ወገብ ትንሽ ይለቃቸው፤ የእርስዎም ዓይን ኮምፒዩተሩ ላይ ሲያፈጥ አይድከም። እኔ ደህና ነኝ።

ፕሮግራሙን በፖስታው ውስጥ ባለችው ፍላሽ ልኬያለሁ። ኮምፒዩተር ጠጋኙን ጠርተው ያስጭኑት፤ ለእሱ የሚሆን ወረቀት ለብቻው አለ። እርስዎ ግን እንዴት እንደሚሠራ ባያውቁ ቅር ይለኛልና ላስረዳዎት።

ስክሪኑ ላይ የሚያዩት መስኮት ፎርም ይባላል። ሳጥኖቹን ሞልተው ከታች «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናሉ። ፎርሙ በራሱ ምንም አያስታውስም፤ ሲዘጉት የጻፉትን ሁሉ ይረሳል። የሚያስታውሰው ዳታቤዝ የሚባለው ፋይል ነው። ፎርሙን እንደ እንግዳ መቀበያ፣ ዳታቤዙን እንደ ጓዳ ያስቡት። በሁለቱ መሀል የሚመላለሰው እኔ የጻፍኩት ኮድ ነው። ኮዱ ጓዳውን የሚያገኘው በአድራሻ ነው። ዳታቤዙ የት እንደተቀመጠ አንድ መስመር ላይ ጽፌለታለሁ። ቁልፉን ሲጫኑ ኮዱ በዚያ አድራሻ ይሄዳል፣ በሩን ያስከፍታል፣ የያዘውን ያስገባል፣ በሩን ዘግቶ ይመለሳል። «ፈልግ» የሚለውን ሲጫኑ ደግሞ ባዶ እጁን ሄዶ የጠየቁትን ይዞ ይመጣል።

«አስቸገርኩህ» እንዳይሉ፤ ለእኔ ይህ የአንድ እሁድ ሥራ ነው። እዚህ መሥሪያ ቤት የምሠራው ከዚህ በብዙ ይከብዳል።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 12

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ የእኔ ባለሙያ። ወላጆችህን ያኮራህ፣ እኔንም ያኮራኸኝ፣ አንተም በልጅህ ኩራ። ልጁ የታለ እንዳትለኝ፤ ምርቃት ነው፣ ተቀበለው።

ፕሮግራሙ ድንቅ ነው። ከውሃው የተረፉትን ካርዶች ሁሉ አስገባሁ። የደንበኛውን ስም ጽፌ «ፈልግ» ስለው ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ያመጣልኛል። ሰውዬው እንኳ፣ ጫማ ሰፊው ማለቴ ነው፣ ከእንግዲህ በካርድ እንዳይጽፍ ስለው ሦስት ቀን አኩርፎ በአራተኛው እሺ አለ።

አንድ ነገር ግን አዋረደኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ከነምራቷ መጣች። ምራቷ አንገቷን የምታስረዝም ዓይነት ናት። ልኩን ጽፌ ጨርሼ፣ እጄን ከፍ አድርጌ፣ ሁሉ እያየኝ «መዝግብ» የሚለውን ብጫን ቀይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስክሪኑን ሞልቶት ቁጭ አለ። ያንቋርራልም። ምራቷ ሳትጠየቅ ጮክ ብላ አነበበችው።

«እትዬ፣ ግንኙነት አልተሳካም ነው የሚለው።»

«ከማን ጋር?» አልኳት ደንግጬ።

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬውማ መርፌውን ጥርሱ ውስጥ እንደያዘ፣ «ከእሷ ጋር ያልተጣላ የለም፤ አሁን ደግሞ ዕቃው» አለ። ሴትዮዋ በምራቷ ፊት «ካርድ ይሻል ነበር» ብላ ሄደች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። «የእህቴ ልጅ» እያልኩ ስንቱን አውርቼ!

እኔ ምንም የነካሁት ነገር የለም። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ያንን ቀይ ነገር አጥፋልኝ። ሰው ፊት አያዋርደን። ጥፋት እንኳ ቢኖር በጓዳ ይሁን እንጂ እንግዳ መቀበያው ላይ ምን አመጣው?

አክስትህ


ኅዳር 30

ለተከበሩ አክስቴ፣

የሰላምታዬ ብዛት እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ዛሬ ግን አንገቴን ደፍቼ ነው የምጽፈው። የእኔ ሥራ እርስዎን በሰው ምራት ፊት ማሳፈሩን ሳነብ ፊቴ ጋለብኝ። ያለሁበት አውቶቡስ ውስጥ ነበር፤ ሰው ያየኝ መስሎኝ ወረቀቱን አጠፍኩት።

አስተካክዬዋለሁ። አዲሷን ፍላሽ ጠጋኙ ይጫንልዎ። ከእንግዲህ ቀዩን አያዩትም። ምንም ቢፈጠር ፕሮግራሙ ድምፁን አያሰማም። «መዝግብ» የሚለውን ሲጫኑ አረንጓዴ ጽሑፍ ይወጣል፤ «ተመዝግቧል፤ እናመሰግናለን» ይላል። «እናመሰግናለን» የምትለዋን ለእርስዎ ብዬ ነው የጨመርኳት፤ ለእንግዳ ትሆናለች።

ቀዩ ለምን እንደመጣ ጊዜ ሳገኝ አየዋለሁ። ሰሞኑን ሥራ አናቴ ላይ ወጥቷል።

አክባሪዎ


ጥር 18

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ? ወፈር ያለ ሹራብ አለህ ወይ? እኛ ደህና ነን። ሁሉም ደህና ነው።

አረንጓዴው በጣም ያምራል። አንድ ሽማግሌ «እናመሰግናለን» የሚለውን አይተው ለኮምፒዩተሩ «ምንም አይደል» ብለው መለሱለት።

በታኅሣሥ ሰውዬው እንደየዓመቱ ከከተማ ወጥቶ፣ እዚህ ድረስ መምጣት የማይችሉትን በየቤታቸው ሲለካ ሰነበተ። ወገቡን ይዞ ነው የተመለሰው። የእግራቸውን ንድፍ በወረቀት አምጥቶ ሰጠኝ፤ እኔ አንድ በአንድ አስገባሁ። የፖስተኛችንም ልክ አብሮ ገብቷል። ፖስታ ቤቱ አዲስ አለቃ መጥቶበት፣ እስከ ሚያዝያ ድረስ ሠፈሯን በሰዓቱ መጨረስ ካልቻለች መንገዷን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነግሯታል። ሶሉ ከፍ ያለ ጫማ ከሠራንላት እንደማንም ትራመዳለች። ሰውዬው ቃል ገብቶላታል፤ እኔም ገብቻለሁ።

ወረቀቶቹን ካስገባሁ በኋላ እንደ ልማዳችን ጨምድጄ ቀደም ሲል ለሌሎች የተሠሩት ጫማዎች ቅርጻቸውን እንዲይዙ አፋቸው ውስጥ ወሸቅኳቸው። ጫማዎቹም በየባለቤታቸው ሄደዋል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ለራሴ አይደለም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ማሠራት አስባ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው። «ተመዝግቧል» ሲል በእርግጥ ተመዝግቧል ማለት ነው? የገባው ነገር ሳይወጣ ጓዳ ውስጥ ተደብቆ የሚቆይበት ጊዜስ አለ? ስሙን ጽፈው «ፈልግ» ሲሉት ሳጥኖቹ ባዷቸውን ቢቀሩ፣ ልብስ ሰፊዋን ነው የምልህ፣ ምን ማድረግ አለባት?

ስታገኝ መልስልኝ። ሰውዬው ሰላም ብሎሃል። እሱ ስለዚህ ጉዳይ አያውቅም።

አክስትህ


የካቲት 4

ለተከበሩ አክስቴ፣

በአጭሩ ስለምጽፍ ይቅርታ። ጤናዎ እንደተጠበቀ ይሁን። ለልብስ ሰፊዋ ይንገሩልኝ፤ «ተመዝግቧል» ካለ ተመዝግቧል። ኮምፒዩተር እንደ ሰው ይሉኝታ የለውም። ምናልባት ስሙን አሳስታ ጽፋው ይሆናል። ለጋሼ ሰላምታ።

አክባሪዎ


የካቲት 9

አክስቴ፣

የባለፈው ደብዳቤዬ ገና መንገድ ላይ ነው። ደርሶ የሚያርመው ሌላ ነገር ስለሌለኝ ይህን ላክሁ። ሰላምታውን ይዝለሉልኝ፤ ዛሬ ለመመረቅም ለማመስገንም አፍ የለኝም።

መሥሪያ ቤት አጠገቤ የምትቀመጥ ባልደረባ አለችኝ። ለእርስዎ የሠራሁትን በኩራት አሳየኋት። ፎርሙን አይታ «ደስ ይላል» አለች። ከዚያ ኮዱን ከፍታ ወደታች እያነበበች ሄደችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱ ስህተት ሲፈጠር ነው» አልኳት።

«ስህተት ሲፈጠር ምንም አያደርግማ። ዝም ብሎ ያልፍና ተመዝግቧል ይላል።» ዞር ብላ አየችኝ። «አክስትህን ትጠላታለህ እንዴ?»

የምትቀልድ መስላኝ ልስቅ ነበር። ግን ልብስ ሰፊዋ ትዝ አለችኝ። አክስቴ፣ ልብስ ሰፊ ጎረቤት እንደሌለዎት አውቃለሁ። ያኔም ገብቶኝ ነበር። የገባኝ ነገር ስላስፈራኝ ነው «ስሙን አሳስታ ይሆናል» ብዬ የጻፍኩት። ዋሸሁዎት፤ በእርስዎም ላይ አሳበብኩ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ያ ቀይ ጽሑፍ የወጣው ኮዱ በሰጠሁት አድራሻ ሄዶ ጓዳውን ስላጣው ነበር። ምን እንደሆነ መጠየቅ የእኔ ፋንታ ነበር። እኔ ግን የተናገረውን አፉን ለጎምኩት። አሁን ጓዳውን ቢያጣውም ዕቃውን መንገድ ላይ ይጥልና ተመልሶ መጥቶ «አስገባሁ፤ እናመሰግናለን» ይላል። እርስዎ እንዳያፍሩ ብዬ አልነበረም። እኔ እንዳላፍር ብዬ ነው። የሠራሁት ነገር እንደተበላሸ ሰው እንዳያውቅ ነው።

መደወል ነበረብኝ። ስልኩን አንስቼ ቁጥሩን ጽፌ ሁሉ ነበር። ጋሼ ቢያነሱትስ ብዬ ተውኩት። ስንት ሰው ልኩ እንደጠፋ አላውቅም። እባክዎን ወረቀቶቹ ጫማ ውስጥ ገብተዋል ያሉኝ በሙሉ አይሁን።

የዳታቤዙ ፋይል ኮምፒዩተሩ ላይ ካለ የት እንዳለ ብቻ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 17

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን አለህ? ሰላምታዬን አልዘልም፤ አንተም ከእንግዲህ አትዝለል። ተጣልተንም ቢሆን እንደምን አደርክ የምንባባል ሰዎች ነን።

ሁለቱንም ደብዳቤዎችህን ያመጣችልኝ ፖስተኛዋ ናት። የመጀመሪያውን ሳነብ «እሰይ፣ እንግዲያው ስሙን አሳስቼ ነው» ብዬ የሁሉንም ስም በአሥር ዓይነት ስጽፍ ሰነበትኩ። ባዶ። ሰውዬው «ልኩን አምጪ እንጂ፣ ሥራ ልጀምር» ሲለኝ «ኮምፒዩተሩ ብርድ መትቶታል» አልኩት። ሌላ ቀን «አርጅቷል» አልኩት። ሌላ ቀን ራሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። ያቺ ምስኪን በየሁለት ቀኑ ደረጃውን እየወጣች «ጫማዬ ደረሰ ወይ?» ስትለኝ «ሊደርስ ነው» እላለሁ። እግሯ እዚያው ፊቴ ቆሞ! «ነይ ደግሜ ልለካሽ» ማለት አቅቶኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ሊደርስ ነው»።

ሁለተኛውን ደብዳቤህን የሰጠችኝ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ከፈትኩት። እሷ ሄዳ አልጨረሰችም። ሰውዬው ከውስጥ «ፖስተኛዋ መጥታለች አይደል? ዛሬስ ልኳን አምጪ!» ብሎ ጮኸ።

«የለም» አልኩ።

«ምኑ?»

«ልኳ የለም። የእሷም፣ በታኅሣሥ የለካሃቸውም፣ ሁሉም የለም። አልተመዘገበም።»

መዶሻው ሁሉ ጸጥ አለ። ሰውዬው ከመቀመጫው ተነሥቶ መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብሎ «መቼ አወቅሽ?» አለኝ። «በጥር» አልኩት። «ለእኔ እንኳ መንገር አቃተሽ?» አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲያ አፍሬ አላውቅም። የምራቲቱ ቀን ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር።

ከዚያ ፖስተኛዋ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ እግሬን ይዤው ነው የምዞረው። ድጋሚ ይለኩኝ።»

ሠራተኛው ሳቀ፤ እኔ ግን አለቀስኩ። ሰውዬው ተንበርክኮ ለካት። እኔ በወረቀት ጻፍኩ።

የሩቆቹን ለመለካት እንደገና መሄድ ግድ ሆነ። በዚያ ወገቡ ብቻውን አይሄድም ብዬ አብሬው ሄድኩ። በየደጁ ቆሜ «ልክዎ ጠፋብን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው» የምለው እኔ ነበርኩ። ለእሱ አልሰጠሁትም። የመጀመሪያው ቤት ደርሰን ከመናገሬ በፊት ውሃ ስጡኝ አልኩ። አንዱ በር ዘጋብን። አንድ ግንበኛ ግን፣ ከፎቅ ወድቆ ተረከዙ የተሰበረ ነው፣ እግሩን እየዘረጋ «ከዚህ በፊት ልኬን ወስደው ሳይመለሱ የቀሩ አሉ። መጥፋቱን ልትነግሩኝ የመጣችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ» አለን። ይሄም አሳፈረኝ።

አሁን የእኔን ስማ። አንተ ብቻ የዋሸህ እንዳይመስልህ። «ምንም አልነካሁም» ብዬህ ነበር፤ ነክቻለሁ። የተረፉትን ካርዶች አስገብቼ የጨረስኩ ቀን ያ ዳታቤዝ የምትለው ፋይል ሜዳ ላይ እንደተጣለ ዕቃ ብቻውን ተቀምጦ አየሁት። የአንተ የልፋት ፍሬ! ደስ አላለኝም። «የእህቴ ልጅ ሥራ» የሚል ፎልደር ከፍቼ እዚያ ውስጥ፣ ከምርቃት ፎቶህ ጋር አስቀመጥኩት። ቀዩ የመጣው በማግስቱ ነው። ያኔውኑ እጄ እንዳለበት ሆዴ ነግሮኛል። ግን በዚያች ምራት ፊት ያጠፋሁት እኔ ነኝ ከማለት ያንተ ዕቃ አበላሸ ማለት ቀለለኝ። ላከብርህ ብዬ አዋረድኩህ።

እንግዲህ ልመናዬን ቀይሬያለሁ። ቀዩን መልስልኝ። ከበፊቱ ይበልጥ ይቅላ፤ ያንቋርር። ሰው ፊትም ያዋርደን። እንግሊዝኛውን ግን ተወውና በእኛ ቋንቋ ጻፈው፤ አንባቢ ምራት አልፈልግም።

አክስትህ


መጋቢት 30

ለውድ አክስቴ፣

ጤና ለእርስዎ፣ ጤና ለጋሼ ወገብ፣ ጤና በየደጁ እግራቸውን ደግመው ለሰጧችሁ ሁሉ። ግንበኛው ያሉዎትን ለባልደረባዬ ነገርኳት። «ፕሮግራሙን አብረን እንየው» አለችኝ። አብረን አየነው። እኔ እየጻፍኩ እሷ «እዚህ ቢሰበርስ? እዚህስ ቢሰበር?» ስትለኝ ዋለች። እንደዚያ ቀን ተማሪ ሆኜ አላውቅም፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ይስማ።

ፋይሉን ወደ ድሮው ቦታ አይመልሱት። እርስዎ ያስቀመጡበት ይሻላል። በኮዱ ውስጥ አድራሻ የተጻፈባትን መስመር ቀይሬያታለሁ። አሁን መስመሯ ላይ «የእህቴ ልጅ ሥራ» የሚል አለ። ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር በዚያ ስም ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ሲላክልዎ ቢጠይቁኝ፣ ወይም እኔ «እንዳይነኩት» ብዬ ብነግርዎት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። የአንድ እሁድ ሥራ ነው ብዬ ነበር፤ ያቺን እሁድ ባስታወስኩ ቁጥር ትራስ ውስጥ መደበቅ ያምረኛል።

አሁን ቁልፉን ሲጫኑ ኮዱ ዕቃውን አስገብቶ ብቻ አይመለስም፤ ተመልሶ ገብቶ መኖሩን ያያል። ካየው «ተመዝግቧል» ይላል። «እናመሰግናለን» የምትለዋን አውጥቻታለሁ፤ ማመስገን ያለብን እኛ ስለሆንን በአፍዎ ይበሉት። ካላየው ደግሞ ስክሪኑ በሙሉ ይቀላል፤ እንዲህ ይላል፦

«አልተመዘገበም። ወረቀቱን አይጣሉ። ስህተቱ የእርስዎ አይደለም፤ ለእህትዎ ልጅ ይደውሉለት።»

ጋሼ ቢያነሱም እደውላለሁ። ሠራተኛው ሁሉ ጆሮውን ቢቀስርም።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 14

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትክ? እጅህ ይባረክ፣ የባልደረባህም እጅ ይባረክ፤ ሰላም በልልኝ። ማን እንደሆነች፣ ከማን ወገን እንደሆነች፣ ባል ይኑራት አይኑራት ለብቻው ወረቀት ጻፍልኝ።

ጠጋኙ አዲሱን ጫነልን። እሱ እንደሄደ ፋይሉን ሆን ብዬ ከፎልደሩ አወጣሁትና ወርክሾፑ ሰው ሞልቶት እያለ «መዝግብ» አልኩት። ስክሪኑ እንደ ቲማቲም ቀላ። ያቺ አንባቢ ምራት እዚያው ነበረች፤ የአማቷን ጫማ ልትወስድ መጥታ። እኔ ቀደምኳት። ተነሥቼ፣ ጮክ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። «ወረቀቱን አይጣሉ» የሚለው ላይ ሰውዬው ሳቀ፤ ከጥር ወዲህ ከልቡ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ ፋይሉን ከፎቶህ አጠገብ መለስኩት። አሁን በየሰኞው ጠዋት እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ፕሮግራሙ ደፍሮ መናገሩን እንዳይረሳ።

የሩቆቹ ጫማ ገና አላለቀም። የግንበኛው ሄዷል፤ በር የዘጋብን ሰውዬም ልኩን በዘመድ ልኳል። የፖስተኛዋ ከሁሉ ቀድሞ አልቋል።

ይህንን ስጽፍልህ የመጨረሻ ደብዳቤህ ፊቴ አለ። የመጣ ቀን ወረቀት ላይ አቀርቅሬ ነበር። ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ፤ ፈጠን ያለ፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ፣ እኩል የሆነ ኮቴ። የማላውቀው አዲስ ደንበኛ መጣ ብዬ ፀጉሬን አስተካክዬ ልቀበል ተነሣሁ። በሩን ስከፍተው ፖስተኛዋ ቆማለች፤ ደብዳቤህን ይዛ።

አክስትህ